ሁለት ገበያ ያለፈው ቁስል

በቆቦ ከተማ ለተሰበሰበ ሕዝብ የቀረበ ዲስኩር



በእጄ የያዝኩትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባትሪ ነው። ሆርማት ወይም ጎሊና ሌሊት ሲሞላ ጎርፉን ወደ ማሳው ለመጥለፍ የሚሮጥ ገበሬ ከዶማው ጋር የሚያነሣው ይህንኑ ነው። እኔ ዛሬ ይዤው የመጣሁት ግን የሰው አፍ ውስጥ ለማየት ነው።

ሙያዬ የጥርስና የአፍ ሕክምና ነው። ያደግሁትም እዚሁ ቆላ ውስጥ፣ ማማ ላይ ቆሜ ከማሽላ ላይ ግሪሳ በወንጭፍ እያባረርኩ ነው። ስለ አፍ ካንሰር እንድናገር ስትጠሩኝ ከየት ልጀምር ብዬ አሰብኩና ከአክስቴ ልጀምር አልኩ።

አክስቴ ምላሷ ጎን ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቁስል ወጣችባት። አታማትም፤ በርበሬ ሲነካት ብቻ ትለበልባታለች። «ምች ነው» አለች፤ ዳማ ከሴ አሸት አድርጋ አፏን ታጠበችበት። ወር ሲያልፍ «ጥርሴ እየቧጨረኝ ነው» አለች። ስሙን የማልጠራው አንድ ሕክምና ቤት ሄደችና ጥርሷ ተነቀለ፤ ቁስሉን ግን በጣቱ የዳሰሰው ሰው አልነበረም። ጥርሱ የተነቀለበት ጉድጓድ ሳምንታት አልፈውት አልጠግግ አለ። ቀጥሎ በዚያው ወገን ያለው ጆሮዋ ያማት ጀመር፤ የጆሮ ጠብታ ተሰጣት። ክረምቱ ሲወጣ አንገቷ ሥር እጢ በቀለ፤ የአንገት ቲቢ ነው ተብሎ የቲቢ መድኃኒት ጀመረች። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ለዕረፍት ስመጣ «እስቲ ምላስሽን አውጪልኝ» አልኳት። ሞከረች፤ አልቻለችም። ምላሷ ከሥሩ ተይዞ ነበር። ያቺ የምስር ፍሬ የምታህል ቁስል ከወጣች አሥራ አንድ ወር ሆኗት ነበር። ዓመት ሳይሞላ ቀበርናት።

በነዚያ አሥራ አንድ ወራት አክስቴ ቤት አልዋለችም፤ አራት ቦታ ሄዳለች። ገንዘብ አውጥታለች፤ መድኃኒቷንም ሳታቋርጥ ወስዳለች። ያላገኘችው ነገር ቢኖር አፏን አስከፍቶ፣ ብርሃን አብርቶ፣ ምላሷን ወደ ጎን ስቦ የሚያይ አንድ ሰው ነው። የሆድ ካንሰር ተደብቆ ነው የሚያድገው፤ የጉበትም እንዲሁ። አፍ ግን በቀን ብዙ ጊዜ የምንከፍተው በር ነው። እዚያ ውስጥ የሚበቅል ነገር ሰው ሳያየው አንገት ድረስ መድረሱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ በሽታው ልግባ። አፍ ውስጥ ከሚነሱት ካንሰሮች መካከል ከ10 ዘጠኝ ያህሉ የሚጀምሩት የአፍን ውስጠኛ ገጽ ከሚያለብሰው ስስ ሽፋን ነው። ደጋግሞ የሚነሳባቸው ቦታዎች አሉት፤ የምላስ ጎን፣ ከምላስ በታች ያለው የአፍ ወለል፣ ድድ፣ የጉንጭ ውስጥ፣ ላንቃና ከንፈር ናቸው። ሲጀምር አያምም፤ ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። የሚያቃጥለው ተራ የአፍ ቁስል አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አራት ቀን፣ ማለትም ሁለት ገበያ ቆይቶ ይድናል። ካንሰሩ ግን ሳያም ይሰነብታል፤ ጠርዙ እያበጠ ይሄዳል፤ በጣት ሲዳሰስ ዙሪያው ጠንካራ ነው፤ ሲነኩት ቶሎ ይደማል። አንዳንዱ ጭራሽ ቁስል ሆኖ አይጀምርም። ተፍቆ የማይለቅ ነጭ እድፍ መስሎ ይታያል፤ አለዚያም ቀይ ከፋይ የመሰለ ገጽ ይሆናል። ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሰጋኝ ቀዩ ነው፤ ከቀዩ ላይ ናሙና ሲወሰድ ብዙውን ጊዜ ካንሰር ወይም ወደ ካንሰር የሚያመራ ለውጥ ይገኝበታል።

ሌሎቹን ምልክቶች ከአክስቴ ታሪክ ሰምታችኋል፤ አንድ ሁለቱን ብቻ ልጨምር። ድዱ ጤነኛ መስሎ ሳለ አንድ ጥርስ ብቻውን ከተነቃነቀ ድንገት ነው ብላችሁ አትለፉት። የታችኛው ከንፈር ወይም አገጭ ሲደነዝዝ፣ አፍ እንደ ድሮው አልከፈት ሲል፣ ምራቅ መዋጥ ሲያስቸግር፣ ንግግር ሲኮላተፍ በሽታው ወደ ጡንቻና ወደ ነርቭ ዘልቆ ሊሆን ይችላል። ጆሮ የሚያመው ደግሞ የምላሱ ነርቭና ጆሮ አካባቢ የሚደርሰው ነርቭ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ስለሆኑ ነው። ጆሮው ውስጥ ምንም ነገር የለም፤ ያ ጠብታ አክስቴን ሊረዳት ያልቻለውም ለዚህ ነው።

የአንገቱን ነገር ለብቻው ላንሳው፤ ጤና ጣቢያ የምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ አደራ አድምጡኝ። በአገራችን የአንገት እጢ ቲቢ በጣም የተለመደ ነው፤ ስለዚህ አንገቱ ያበጠ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ቲቢን ማሰብ ስህተት የለበትም። ሕዝባችንም የአንገት እብጠትንም ካንሰርንም «ነቀርሳ» በሚል አንድ ስም ይጠራቸዋል። ስማቸው አንድ ቢሆንም መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። ዕድሜው ከ40 ያለፈ ሰው ጠንካራ፣ የማያም፣ ከቦታው የማይንቀሳቀስ እጢ ይዞ ከመጣ የቲቢው መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት አፉ ይከፈት። በቀጭን መርፌ ከእጢው ናሙና መውሰድም ይቻላል። አፉን ለማየት ከምላስ መጫኛ እንጨትና ከባትሪ የበለጠ ዕቃ አያስፈልግም፤ ጊዜውም ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ስለ እናቶቻችን ድድም አንድ ነገር ልበል። በወሎና በትግራይ ድድን መነቀስ የቆየ ውበት ነው፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የማደንቀው ነገር ነው። ንቅሳቱ በራሱ ካንሰር ነው አልልም። ነገር ግን በጠቆረ ድድ ላይ ነጩም ቀዩም ለውጥ በደንብ አይለይም። ስለዚህ ድዷ የተነቀሰ እናት ዓይንን ብቻ አትመን፤ በታጠበ ጣት ድዷን ከዳር እስከ ዳር ትዳስስ። የሻከረ፣ ያበጠ፣ የጠጠረ ነገር ካገኘች ታሳይ።

ልጆችንም ላንሳ። የልጅ አፍ ቁስል የሚለካው በሳምንት ሳይሆን በቀን ነው። ከኩፍኝ ወይም ከረሃብ የተነሣ የደከመ ሕፃን ድዱ ቆስሎ አፉ ክፉኛ ከሸተተ፣ ጉንጩም ካበጠ «ኖማ» የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላል። ኖማ ካንሰር አይደለም፤ በቀናት ውስጥ ጉንጭ የሚበላ በሽታ ነው፤ ሳይታከም የቀረ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ቶሎ ከተደረሰበት ግን በአንቲባዮቲክና በምግብ ይቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው በሽታዎች መዝገብ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ነው፤ በጣም ዘግይቶ። ለልጅ ገበያ አትቁጠሩ፤ በዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የአፍ ካንሰር ከየት ይመጣል? ትልቁ መንሥኤ ትንባሆ ነው፤ ሲጋራም ሆነ ጋያ፣ ከንፈር ሥር የሚቀመጠው ሱረትም ጭምር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ብሔራዊ የትንባሆ ጥናት መሠረት ከአዋቂ ኢትዮጵያውያን መካከል ትንባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ናቸው። ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ይህ ጸጋችን ነው፤ እንጠብቀው። ነገር ግን ከእኛ ከራያ ልጆች ብዙዎቹ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ይሄዳሉ፤ ሌሎችም ሱዳን ድረስ ለቀን ሥራ ይወርዳሉ። በደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ፣ በጂዛን፣ «ሸማ» የሚባል የትንባሆ ዱቄት ከአመድና ከኖራ ጋር ተቀላቅሎ ጉንጭ ሥር ይቀመጣል። ጂዛን በአፍ ካንሰር ብዛት የታወቀች አካባቢ ናት። በሱዳን ደግሞ «ቶምባክ» አለ፤ እሱም አፍ ውስጥ የሚቀመጥ ትንባሆ ነው። ድካም ለመርሳት ከአሠሪው ወይም ከጓደኛው የተማረውን ይዞ የሚመለስ ወንድም አለን። አንነቅፈውም፤ አፉን እንየው።

አረቄንም ልንገራችሁ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም የአልኮል መጠጥን ካንሰር አምጪ ብሎ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። አረቄና ትንባሆ ሲገናኙ ጉዳታቸው ይባዛል እንጂ አይደመርም። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የወጣ ጥናት አብዝተው የሚያጨሱና አብዝተው የሚጠጡ ሰዎች ከሁለቱም ከራቁት ይልቅ ለአፍና ለጉሮሮ ካንሰር ከ35 እጥፍ በላይ እንደሚጋለጡ አሳይቷል።

ስለ ጫት እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ወዳጃ ላይ ለዱዓ ከተቀመጡ አባቶች ጋር ስላደግሁ ጥያቄውን አልሸሸውም። ጫት እንደ ትንባሆ በማያሻማ ማስረጃ ካንሰር አምጪ ተብሎ አልተፈረጀም። ሆኖም ሁልጊዜ በአንድ ጉንጭ በሚይዙት ሰዎች ላይ ነጭ እድፍ ይታያል፤ ከጫቱ ጋር ሲጋራ የሚለኮስ ከሆነ ደግሞ ስለ ትንባሆው የተናገርኩት ሁሉ ይመለከታቸዋል። የምትቅሙ አባቶች የምትይዙበትን ጉንጭ ለይታችሁ አስመርምሩ። ትንባሆም አረቄም አፏ ያልገባ ሴትም በዚህ በሽታ ትያዛለች፤ አክስቴ አንዷ ነበረች። ስለዚህ «እኔ አላጨስም» ማለት ቁስሉን ላለማሳየት ምክንያት አይሆንም።

እንግዲህ ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ፤ የታመመ ሰው ይድናል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ ከ377,000 በላይ ሰዎች በከንፈርና በአፍ ካንሰር ተይዘዋል፤ ከ177,000 በላይ ደግሞ ሞተዋል። ይህ ቁጥር ግን ለአንድ ሰው ምንም አይነግረውም። የሚነግረው ያገኘነው መቼ ነው የሚለው ነው። ሐኪሞች የመትረፍን ነገር በአምስት ዓመት ይለካሉ፤ በሽታው የሚመለስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ስለሚመለስ አምስቱን የተሻገረ ሰው ትልቁን ወንዝ ተሻግሯል። በአሜሪካ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ከተነሣበት ቦታ ሳይወጣ የተገኘላቸው ሰዎች ከ100ው ከ80 በላይ የሚሆኑት አምስቱን ዓመት ይሻገራሉ። ወደ ሳንባና ወደ ሌላ ሩቅ አካል ከተሰራጨ በኋላ ሲገኝ ግን የሚሻገሩት 40 ያህሉ ናቸው። ያ ሁሉ መሣሪያ ባለበት አገር እንኳ ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

ልዩነቱን የሚፈጥሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ጥልቀት ነው። ከ2 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ያልሰረሰረ ቁስል የመጀመሪያ ደረጃ ይባላል። ጥልቀቱ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም የደረጃ ምደባ ውስጥ የገባው ላዩ ትንሽ መስሎ ሥሩ የሚዘልቅ ቁስል ብዙ ሰው ስለገደለ ነው። ሁለተኛው አንገት ነው። በሽታው አንዲት የአንገት እጢ ውስጥ ከገባ የመትረፍ ዕድል በግማሽ ያህል ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 በሕንድ ሙምባይ፣ በታታ መታሰቢያ ሆስፒታል የተሠራ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። በሽታቸው ገና በጅምሩ የተገኘ ሰዎች አንዱ ወገን የአፉ ቁስል ሲወጣለት የአንገቱ እጢም አብሮ ተወገደለት፤ ሌላው ወገን እጢው እስኪያብጥ ተጠበቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዎቹ 80 በመቶ በሕይወት ነበሩ፤ ሁለተኛዎቹ 67.5 በመቶ። ጠብቀን እንየው ማለት በሐኪም እጅ እንኳ ዋጋ ያስከፍላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምሰማውን ነገር ላንሳ። «ብረት ከነካው ይባባሳል፤ ከተቆረጠ ይሰራጫል» ይባላል። ሰው ይህን የሚለው ያየውን ይዞ ነው። ያየውም ዘመዱ ሆስፒታል ገብቶ በወሩ ሲሞት ነው። ነገር ግን ያ ዘመድ የገባው አንገቱ ካበጠ በኋላ ነበር። የገደለው ቢላው ሳይሆን ያለፈው ጊዜ ነው። ከቁስሉ የእህል ቅንጣት የምታህል ናሙና መውሰድ በሽታውን አያሰራጭም፤ ያለ ናሙና ደግሞ ማንም «ካንሰር ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ መማል አይችልም። በጅምር የተገኘ ካንሰር በቀዶ ሕክምና ብቻ ሊያበቃ ይችላል። ሰውየው ከምላሱ ጥቂት ቢጎድልበትም ይናገራል፤ እንጀራውንም ይበላል።

ዘግይቶ የተገኘው ከቀዶ ሕክምናው ሌላ ጨረር ያስፈልገዋል። ጨረሩ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በስድስት ሳምንት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ሕክምናው ራሱም ከሰኞ እስከ ዓርብ እየተሰጠ ስድስት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ለራያ ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከቆቦ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ደሴ አለ፤ አዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከ20 ዓመት በላይ ለመላው ኢትዮጵያ የነበረው የጨረር ሕክምና ማዕከል የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ጅማና ሐረር የተጨመሩት በቅርቡ ነው። ወረፋው በወራት የሚቆጠር ሲሆን ካንሰሩ ወረፋ አይጠብቅም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በዚህ ምድር ያለፈው ጦርነት የጤና ተቋሞቻችንን ምን እንዳደረጋቸው ደግሞ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። እነዚህን ሁሉ እዚህ አዳራሽ ተቀምጠን ማስተካከል አንችልም። ጨረር የማያስፈልገው ሕመምተኛ እንዲበዛ ማድረግ ግን እንችላለን፤ ቁስሉን ገና ምስር ሳለ በማግኘት።

ይቻላል የምለው ተሠርቶ ስለታየ ነው። በሕንድ ኬረላ በትሪቫንድረም ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ከ190,000 የሚበልጡ ሰዎች በ13 አካባቢዎች ተከፍለው ለዓመታት ተጠኑ። በከፊሎቹ አካባቢዎች ሐኪም ያልሆኑ፣ ለሥራው ብቻ የሠለጠኑ ወጣቶች በየሦስት ዓመቱ ቤት ለቤት እየዞሩ በባትሪ አፍ አዩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ፤ ትንባሆ ወይም አልኮል ከሚጠቀሙት ሰዎች መካከል በአፍ ካንሰር መሞት በ34 በመቶ ቀነሰ። ይህን ሳነብ መጀመሪያ የታወሱኝ የእኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአገራችን በየቀበሌው ተሰማርተው ክትባት፣ የእናቶች ጤና፣ መጸዳጃ ቤት ስንቱን ሠርተዋል። የኬረላው ጥናት ሁሉንም ሰው ማየት ጠቅሟል አላለም፤ ትንባሆና አልኮል በማይነኩት ላይ ጥቅሙ ጎልቶ አልታየም። ስለዚህ በሥራ ብዛት የደከመችውን እህታችንን ሁሉን አፍ እዪ አልላትም። ሱረት የሚያኖረውን፣ የሚያጨሰውን፣ አረቄ የሚያዘወትረውን፣ ከሸማ አገር የተመለሰውን እዪ፤ ሌላው ሰው ደግሞ «ቁስሉ አልድን አለኝ» ሲልሽ አትለፊው። እኔ የማሠለጥንበትን አንድ ቀን ስጡኝ፤ አንድ ቀን ይበቃል።

እናንተ የቅሬ ዳኞችም ሥራ አላችሁ። ቅሬ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ቀብር ያስፈጽማል። ለታመመ ሰው የወልድያና የደሴ መሳፈሪያ ከዚያው መዋጮ ቢወጣስ? ለአክስቴ ቀብር የዋለው ገንዘብ በመጀመሪያው ወር ደሴ ያደርሳት ነበር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ደብተራችሁን በየዓመቱ አሳድሱ፤ ሪፈር ስትጻፍላችሁ ወረቀቷን አትጣሏት፤ ያለ ሪፈር ወረቀት መድኅኑ ትልቁ ሆስፒታል ላይ ሙሉ ወጪውን አይሸፍንም።

እንጥል የምትቆርጡ፣ ጥርስ የምትነቅሉ፣ መድኃኒት የምትቀምሙ አባቶችም እዚህ አላችሁ፤ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ሰው ከእኔ በፊት እናንተ ዘንድ ነው የሚመጣው። የአፍ ውስጥ ቁስልን አትቁረጡ፣ አትተኩሱ፤ ሁለት ገበያ አልፎ ካልዳነ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩልኝ። ጠበል የሚጠመቀው ይጠመቅ፣ ዱዓ የሚያስደርገው ያስደርግ፤ የሚሄድበትን ቀን ግን አያስተላልፍ። ቀሳውስቱም ሼኾቹም ይህን ቃል ከእኔ በተሻለ ማድረስ እንደሚችሉ አውቃለሁ።

አሁን ከዚያ ጥግ ካለው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ማየት የምጀምረው ከከንፈር ነው፤ ቀጥሎ ጉንጭና ድድ፣ ከዚያ ምላስን በንጹሕ ጨርቅ ይዤ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እስባለሁ፤ ምላሱን ወደ ላንቃ አስነሥቼ ሥሩን አያለሁ፤ በመጨረሻ አንገትን በጣቴ እዳስሳለሁ። አያምም። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላችሁ አውልቃችሁ ያዙ፤ የቃማችሁም አፋችሁን በውኃ ተጉመጥሙጡ፤ ውኃው በር ላይ በጀሪካን አለ። ቁስል ኖሮት ሁለት ገበያ ያለፈው ሰው ካለ ተራ አይጠብቅ፤ እሱ ቀድሞ ይምጣ።